በበይነ መረብ የፖሊስ ማሳደድ ጨዋታዎች ፍትሐዊ ግጭት የቱ ነው?

በመኪና ውድድር ጨዋታ የሌላውን ተሽከርካሪ መግጨት ጥፋት ነው፤ በፖሊስ ማሳደድ ጨዋታ ግን መግጨት ዋናው ሥራ ነው። አሳዳጁ ሳይገጭ መያዝ ይቸገራል፤ ተሳዳጁም ሳይገፋ ማምለጥ ያዳግተዋል። በመሆኑም ተጫዋቾችን የሚያከራክራቸው መነካካታቸው ሳይሆን የትኛው ንክኪ ተገቢ ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

የደንቡ ሁለት ምንጮች

የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1988 ባወጣው "ቼዝ ኤች ኪው" ተጫዋቹ ፖሊስ ሆኖ የወንጀለኛውን መኪና ደጋግሞ በመግጨት ያስቆማል። ተሳዳጁን የሚነዳው ኮምፒውተሩ ስለነበር ተበደልኩ የሚል አልነበረም። እ.ኤ.አ በ2010 የወጣው "ኒድ ፎር ስፒድ፡ ሆት ፐርሱት" ግን እስከ ስምንት ሰዎችን ፖሊስና ተሳዳጅ አድርጎ በበይነ መረብ አገናኘ። በዚህ ጨዋታ ዳኛው ፕሮግራሙ ነው፤ የፈቀደው ሁሉ ይቻላል።

በ"ግራንድ ቴፍት አውቶ 5" ላይ ተመሥርተው በ"ፋይቭ ኤም" አማካይነት በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ሁኔታው ይለያል። እዚያ ደንቡን የሚጽፉት የየሰርቨሩ አስተዳዳሪዎች ናቸው። ፕሮግራሙ የማይከለክለውን ደንቡ ሊከለክል ይችላል፤ ክርክሩም ከዚህ ይጀምራል።

"ፒት" የተባለው ስልት

ብዙዎቹ ደንቦች የተቀዱት ከአሜሪካ ፖሊስ አሠራር ነው። "ፒት" በሚባለው ስልት ፖሊሱ የመኪናውን የፊት ጎን ከሚሸሸው መኪና የኋላ ጎማ አጠገብ አስጠግቶ ወደ ጎን በለሆሳስ ይገፋዋል፤ የሚሸሸው መኪና የኋላ ጎማው መሬት መቆንጠጥ ያቅተውና ዞሮ ይቆማል። በከፍተኛ ፍጥነት ሲሞከር መገልበጥንና ሞትን ስለሚያስከትል ብዙ የፖሊስ ተቋማት የፍጥነት ገደብ አበጅተውለታል። ሰርቨሮችም ተመሳሳይ ገደብ ያወጣሉ፤ ፊት ለፊት መጋጨትንም ይከለክላሉ።

በሁለት ስክሪን ሁለት እውነት

የከረረው ጠብ የሚነሣው ግን ከመረጃ መዘግየት ነው። የአንዱ መኪና ያለበት ቦታ ሌላው ስክሪን ላይ የሚታየው መረጃው በኔትወርክ ከተጓዘ በኋላ ነው። መዘግየቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በዚያች ቅጽበት 5 ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል፤ ይህም ከአንድ የቤት መኪና ርዝመት ይበልጣል። ጨዋታው ክፍተቱን የሚሞላው በግምት ነው። ተሳዳጁ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ግምቱ ይስታል። አሳዳጁ በራሱ ስክሪን በቀስታ የነካው መኪና በባለቤቱ ስክሪን ክፉኛ ተገጭቶ ሊታይ ይችላል። ሁለቱም ያዩትን ይናገራሉ፤ አንዳቸውም አልዋሹም።

ርቀት ችግሩን ያብሰዋል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ሆኖ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቅ የአውሮፓ ሰርቨር የሚጫወት ሰው ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል፤ የመስመር መጨናነቅ ሲታከልበት ደግሞ ይጨምራል። እንዲህ ያለው ተጫዋች ሳያጠፋ "ሆን ብሎ ይገጫል" ተብሎ ሊታገድ ይችላል።

ዳኝነቱ

"አይሬሲንግ" የተባለው የውድድር ጨዋታ ጥፋተኛ ፍለጋ አይገባም፤ ለተጋጩት ሁሉ የጥፋት ነጥብ ይመዘግባል። ይህ መፍትሔ ለማሳደድ ጨዋታ አይሆንም፤ ፖሊሱን በሥራው ያስቀጣዋልና። ስለዚህ አስተዳዳሪዎች የቪዲዮ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ቪዲዮም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። እ.ኤ.አ በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ፖሊስ የሚሸሽን መኪና ከኋላ ገጭቶ አሽከርካሪውን ሽባ ያደረገበትን ጉዳይ ሲመረምር፣ ስምንት ዳኞች ለፖሊሱ ፈረዱ፤ አንደኛው ዳኛ ግን ያንኑ ቪዲዮ ተመልክተው ተቃወሙ።

በጨዋታው ዓለም ክርክርን የሚያሳጥረው የፍጥነት ገደቡን አስቀድሞ በቁጥር ማሳወቅና ከፍርድ በፊት የሁለቱንም ወገን ቪዲዮ ጎን ለጎን ማየት ነው። በአንድ ስክሪን ብቻ የተሰጠ ፍርድ ግማሹን ያላየ ፍርድ ነው።