በዕጣ የተለየው የቨርጂኒያ 94ኛ የምርጫ ክልል

የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የታችኛው ምክር ቤት 100 መቀመጫዎች ሲኖሩት፣ አባላቱ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፡፡ 94ኛው የምርጫ ክልል፣ በዚያን ጊዜ የኒውፖርት ኒውስ ከተማን ከፊል ያካተተው፣ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2017 በተካሄደው ምርጫ ነው፡፡

በመጀመሪያው ቆጠራ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ ቢመሩም፣ በድጋሚ ቆጠራው ዴሞክራቷ ሼሊ ሲሞንድስ በአንድ ድምፅ በለጡ፡፡ በማግሥቱ ሦስት ዳኞች በሁለቱም ዕጩዎች ላይ ምልክት የተደረገበት አንድ ወረቀት ለያንሲ እንዲቆጠር በመወሰናቸው፣ ሁለቱ ተፎካካሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ፡፡

በሕጉ መሠረት ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በወጣው ዕጣ ያንሲ አሸነፉ፤ ሪፐብሊካኖችም 51 ለ49 አብላጫቸውን አስጠበቁ፡፡ ዕጣው ለሲሞንድስ ቢወጣ ኖሮ ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይከፈል ነበር፡፡ ሲሞንድስ በ2019 ያንሲን አሸንፈው ወንበሩን ወሰዱ፡፡