ከመምታት ወደ መመርመር፦ የጋንግሊዮን ሕክምና ታሪክ



ጋንግሊዮን ከመገጣጠሚያ ወይም ከጅማት ሽፋን የሚነሣ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ የቋጠረ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው። በእጅ አንጓ ላይ ይዘወተራል፤ በእግር ላይም ይታያል።

ስሙ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የጥንት ግሪክ ጽሑፎች ይገኛል። በ18ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሎሬንዝ ሃይስተር የእርሳስ ማዕድን ዝርግ በእብጠቱ ላይ አስሮ ማቆየትን መክሯል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ በከባድ መጽሐፍ መምታት የተለመደ ስለነበር «የመጽሐፍ ቅዱስ እብጠት» የሚል ስም ወጣለት። የእነዚህ ሕክምናዎች ጉድለት አንድ ነበር፤ ከረጢቱ ቢፈርጥም ሥሩ ስለሚቀር እብጠቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሮንትገን ያገኘው ራጅ አጥንትን ቢያሳይም የእብጠቱን ውስጥ አልገለጠም። ፈሳሹን ከጠጣሩ መለየት የተቻለው በኋላ በመጡት በአልትራሳውንድና በኤም.አር.አይ. ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሲኖቪያል ሳርኮማ የተባለው ካንሰር በወጣቶች እግር ላይ ቀስ ብሎ እያደገ ጋንግሊዮን ሊመስል ይችላል፤ ሳይመረመር የተቀደደ እንደሆነም እግርን፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል።

እንግዲህ የማያሳምም ጋንግሊዮን በክትትል ይቆያል፤ የሚያስቸግረው በመርፌ ይመጠጣል ወይም ከነሥሩ ይወጣል። ጠጣር ሆኖ የተገኘ እብጠት ግን ናሙናው ሳይመረመር ቢላ አይነካውም። ከዚህ ረጅም ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ይኸው ነው፤ ምርመራ ከሕክምና ይቀድማል።