ከችግኝ በፊት ዕረፍት፦ የባሌ ደጋ አስታና የመሬት መራቆት

በባሌ ደጋ የአፈር መከላትን ለመግታት የሚወጣ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በተተከለው ችግኝ ብዛት ነው። ከጎባ ከተማ በላይ ላለው ተዳፋት ግን ይህ መለኪያ አይበጅም። ምክንያቱ አስታ የተባለው ዛፍ ነው።

አስታ፣ በአካባቢው አጠራር ሳቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ የሳነቴን አምባ ዙሪያ ይሸፍናል። እሳት ሲበላው ግንዱ ይሞታል፤ ያበጠው የሥር ጉቶ ግን ይተርፍና መልሶ ያቆጠቁጣል። እረኛው የሚያቃጥለው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ ያረጀ አስታ ለከብት አይሆንም፣ አውሬም ይሸሸግበታል። ለጋው ቡቃያ ግን ይጋጣል፣ ደረቅ ማገዶ ስለማያከማችም እሳት በቀላሉ አይይዘውም። ስለዚህ እሳቱን ብቻ ወንጅሎ ማለፍ ስንፍና ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ቃጠሎ የውጭ አገር እሳት አጥፊዎችን ጭምር የጠራ ቢሆንም፣ ዋናው ጥያቄ ከቃጠሎ በኋላ ቡቃያው ዕረፍት ያገኛል ወይ የሚለው ነው።

ቀድሞ ጎዳንቱ የተባለው ወቅታዊ የከብት ዝውውር ለዳገቱ ፋታ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሰፈራውና የገብስ እርሻው ወደ ላይ ሲወጡ ከብቱም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይውላል። ቡቃያው በተደጋጋሚ ከተጋጠ ዛፍ ሳይሆን ይቀራል፣ የተራቆተውንም አፈር ጎርፍ ይወስደዋል። ጉዳቱ ደግሞ በደጋው አይወሰንም፤ ከዚሁ ተራራ የሚነሣው የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ዋሻን አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል።

ኮሶ ግን ከአስታ ተለይቶ መታየት አለበት። ግጦሽ በበዛበት ቦታ የኮሶ ችግኝ ስለማይተርፍ አጥርም ተከላም ያስፈልገዋል። በሮቤ ዙሪያ የሚተከለው ባሕር ዛፍ የማገዶ ጫናን ያቃልላል፤ ሆኖም አገር በቀል ዕፅዋትን መልሶ ማልማት ተብሎ በሪፖርት መግባት የለበትም።

ለደንና ለግጦሽ አስተዳደር የቅርብ ምሳሌ አለ። በአዳባና ዶዶላ የተቋቋሙት ዋጂብ የተባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን በማሰብ አባላታቸውን በ30 አባወራ ወሰኑ፤ የመጠቀም መብትንም ከጥበቃ ግዴታ ጋር አሰሩ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ወረዳዎቹና ፓርኩ ለችግኝ ከሚመድቡት በጀት ከፊሉን ለጥበቃ ያውሉት፤ የተቃጠለ ተዳፋት ለስንት ዓመት ከግጦሽ እንደሚከለልም ከእረኞቹ ጋር ተስማምተው በመተዳደሪያ ደንብ ይወስኑ።