ድራማው ከየትኛው ክፍል ጀምሮ ተበላሸ?

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው። ቃል ያለ ሽቦ በአየር ተጉዞ ከሩቅ ሲደርስ ያየ የዚያ ዘመን ሰው ነገሩን በራሱ ቋንቋ «የነፋስ ስልክ» አለው፤ ስሙም ለሰፈሩ ቀረ። ዛሬ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ በአየር የሚመጣው ምስል የየቤቱ ቤተኛ ከሆነ ብዙ ዘመን ተቆጥሯል። ከምስሉም ጋር አንድ ክርክር አብሮ ገብቷል፤ ይኸውም አንድ ተከታታይ ድራማ መልካም የነበረው እስከ የትኛው ክፍል ድረስ እንደሆነ የሚደረገው ክርክር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ሰው ለሰው»፣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን የአስናቀን ስም በሰው ሁሉ አፍ ያስገባው ድራማ እንኳ ከዚህ ክርክር አላመለጠም። ተመልካቹ ጊዜውን ሰጥቷልና የታሪኩ መንዛዛት «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይሆንበታል።

ይሁን እንጂ ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ ያለው የእንግሊዙ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ «ዶክተር ሁ» ነው። ድራማው በቢ.ቢ.ሲ. የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1963 ሲሆን፣ በጊዜና በጠፈር ውስጥ የሚመላለስ የአንድ እንግዳ መንገደኛን ታሪክ ይተርካል። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። የድራማውን ቀደምት ክፍሎች ከገዙት አገሮች መካከልም ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች።

የድራማው ወዳጆች የውድቀቱን ዘመን ሲቆጥሩ አይስማሙም። አንዳንዶቹ የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል እ.ኤ.አ. በ1966 ከለቀቀበት ጊዜ ይጀምራሉ። ሌሎቹ ለሰባት ዓመታት የተጫወተው ቶም ቤከር በ1981 እስከተሰናበተበት ጊዜ ድረስ ይታገሣሉ። ሌሎች ደግሞ ድራማው በ1985 ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል የተቋረጠበትን ጊዜ ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የታየ አንድ ታሪክ፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የድራማው ወዳጆች ማኅበር መሪ «የቀድሞውን ታሪክ አፈረሰ» በሚል መንፈስ ክፉኛ ነቅፎት ነበር። ያው ታሪክ ኋላ ከምርጦቹ ተርታ ተመደበ። እንግዲህ ለአንዱ ትውልድ የውድቀት መጀመሪያ የሆነው ለሚቀጥለው ትውልድ ወርቃማ ዘመን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ክርክሩን ያወሳሰበው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የምስል ቴፕ ውድ ነበር፤ ከተዋንያን ጋር የተደረገውም ውል ድራማን ደጋግሞ ማሳየትን ይገድብ ነበር። ከዚህም የተነሣ ቢ.ቢ.ሲ. ብዙ ቴፖችን እየሰረዘ ለሌላ ሥራ ተጠቀመባቸው፤ ለውጭ አገር ሽያጭ የተባዙትንም ባለ 16 ሚሊሜትር የፊልም ቅጂዎች እስከ 1978 ድረስ አስወገዳቸው። ስለሆነም ወዳጆቹ ያላዩትን ወይም በልጅነታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትን ታሪክ በትዝታ ብቻ ያወድሱ፣ ይነቅፉም ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1967 የታየውና «የሳይበርመን መቃብር» የሚል ትርጉም ያለው ታሪክ በዚህ ዓይነት ከፍ ከፍ ካለ በኋላ ቅጂው ከሆንግ ኮንግ ተገኝቶ በ1992 ለሕዝብ ቀረበ። ያን ጊዜ «ይህ ነበር እንዴ ያ ሁሉ ውዳሴ?» ያሉ አልጠፉም።

መስከረም 2006 ዓ.ም. ሲያበቃ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ከመቶ የሚበልጡ የጠፉ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ ብሎ ጻፈ። የድራማው ወዳጆች ዓይን ሁሉ ወደ አገራችን ዞረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እውነቱ ተገለጠ፤ የተገኙት 9 ክፍሎች ሲሆኑ፣ የተገኙትም በናይጄሪያ በጆስ ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከእነዚህ መካከል ፓትሪክ ትራውተን ሁለት ገጸ ባሕርያትን ሆኖ የተጫወተበት፣ ቀድሞ እምብዛም ያልተወደሰው «የዓለም ጠላት» ሲታይ ክብሩ ከፍ አለ። አንዱን ሥራ ትዝታ ከሚገባው በላይ አክብሮት ነበር፤ ሌላውን ደግሞ ከሚገባው በታች አውርዶት ነበር። ሁለቱንም ፍርድ ያቀናው መጋዘን ውስጥ የተረፈው ፊልም ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። «ድሮ ቀረ» የሚለው ፍርድ የሚያሳየን አብዛኛውን ጊዜ የፈራጁን ዕድሜ እንጂ የሥራውን ደረጃ አይደለም። አንድ ድራማ በእርግጥ ሊደክም ይችላል፤ ደራሲው ሲለወጥ፣ ገንዘቡ ሲያንስ፣ ታሪኩ አልቆ ሳለ ክፍሉ ሲራዘም ይደክማል። መቼና ለምን እንደደከመ ለማወቅ ግን ክፍሎቹ በተራቸው፣ ጽሑፉም ከደራሲው ስም ጋር፣ የታየበትም ቀን ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ያለዚህ ሂስ ከወሬ አይለይም።

በዚያ መስከረም የባዕድ አገር ሰዎች የራሳቸውን ቅርስ በእኛ መደርደሪያ ላይ ለማግኘት ተመኝተው ነበር። እኛስ የራሳችንን ድራማ ከራሳችን መደርደሪያ ብንፈልግ ምን ያህሉን እናገኛለን? ጥያቄው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ለድራማ አዘጋጆችና ለደራስያን ሁሉ የቀረበ ነው። በቡና ሰዓት የሚነሣው የነፋስ ስልኩ ክርክር ነገ ወደ እውነተኛ የኪነ ጥበብ ታሪክ እንዲያድግ ከተፈለገ፣ ዛሬ በአየር የሚሄደው ምስል ነገ ተከራካሪው ከፍቶ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።