ይግባኝ በቤተሰብና በውርስ ጉዳዮች (ኢትዮጵያ)

የፍቺ፣ የጋራ ንብረት፣ የቀለብ፣ የልጅ አስተዳደግና የውርስ ክርክሮች የራሳቸው የይግባኝ ሕግ የላቸውም። የሚመሩት በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የፈረደው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ይግባኙ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ጊዜው ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ያስፈቅዳል፤ ነገር ግን የጠበቃው ወይም የወኪሉ ጥፋት በበቂ ምክንያትነት አይቆጠርም (ቁጥር 326)። ይህ ከባድ ደንብ ነው። የችሎት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሚስት ሁሉን ነገር ለጠበቃዋ ትታ ብትቀመጥ፣ ቤቷን የሚያሳጣትን ፍርድ ለማስመርመር ያላት ዕድል በእሱ ቸልተኝነት ሊዘጋ ይችላል። የውሳኔውን ግልባጭ ፍርዱ እንደተነበበ መጠየቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ይግባኝ ሰሚው ክርክሩን እንደ አዲስ አይጀምርም፤ በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ፍሬ ነገር በይግባኝ አይነሳም። ቅሬታው የማያሳምን ከሆነ መልስ ሰጪው ሳይጠራ መዝገቡ ይዘጋል (ቁጥር 337)። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ ቤቱ በሐራጅ እንዳይሸጥ የሚፈልግ እግድ ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ቅር ያሰኘ ውሳኔ ሁሉ መፍትሔው ይግባኝ አይደለም። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የልጅ አስተዳደግና ቀለብ ውሳኔ፣ ሁኔታዎች ሲለወጡ፣ በዚያው በወሰነው ፍርድ ቤት ይሻሻላል። ሳይጠራ የወራሽነት ማስረጃ የወጣበት ልጅም ማስረጃው እንዲሰረዝ የሰጠውን ፍርድ ቤት ይጠይቃል። በሌሎች ክርክር መብቱን የሚነካ ፍርድ የተሰጠበት ሰው ደግሞ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ያቀርባል።

የመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አቤት ይባላል። ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. የወሰነው አንድ ጉዳይ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። እናቱ የሞተችበትን፣ አክስቱ ዘንድ ያደገን ልጅ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባቱ እንዲሰጥ ወስነው ነበር፤ ሰበር ግን በሕፃናት መብቶች ስምምነት ላይ ተመሥርቶ፣ ከአባትነት መብት ይልቅ የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም ወስኖ ሻረው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ከተደነገገ ጀምሮ እንዲህ ያለው የሰበር ትርጓሜ በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል።