ጭስ የሌለው ፋብሪካ

ቱሪዝም በአማርኛ አንድ የተለመደ ቅጽል አለው፤ «ጭስ አልባው ኢንዱስትሪ» ይባላል። በዜና ሳትሰሙት አትቀሩም። ደባርቅ ላደግን ልጆች ግን ነገሩ ቅጽል ብቻ አይደለም። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ከተማችን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። «እኛ ጋ እኮ ፋብሪካ የለም» እያልን ነው ያደግነው። እስቲ ዛሬ ስሙን እንደ ቃሉ ልውሰደውና፣ ፋብሪካ አጥር ሥር የሚኖር ሰው የሚጠይቀውን ልጠይቅ፦ ማን ተከለው? በማን መሬት? እንጀራ የሚበላበት ማን ነው? ሲቆምስ ማን ይራባል? (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ግን ወንጂ ደርሰን እንመለስ፤ እዚያ ሁሉ ነገር በዓይን ይታያላ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ትላልቅ እርሻዎች ነበሩት። ያቺ አገር ነጻ ስትወጣ ፊቱን ወደ እኛ አዞረና አዋሽ ዳር ሸንኮራ ተከለ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ። ከብት ይግጥበት የነበረ ሜዳ ሸንኮራ ሆነ፤ ከሩቅ የመጣ የቀን ሠራተኛ በኩባንያው መንደር ሰፈረ። ልጅ ሆነን የላስነው ደስታ ከረሜላ የመጣው ከዚያ ነው። ዋጋውስ? ሠራተኛው የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የብዙ ሰው ጥርስ በለዘ፤ ለረጅም ዓመት የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ሳይቀር ተጎዳ። ወንጂ ላይ ትርፉም ጉዳቱም ይታያል፤ ጭሱ ከሩቅ፣ ጉዳቱ ደግሞ ሰው ሲስቅ።

የእኛው ፋብሪካ ይህ የለውም። ጥሬ ዕቃው ገደል፣ ጓሳ፣ ጅብራና ዋልያ ነው፤ ምርቱም እይታ ነው። አተካከሉ ግን የፋብሪካ አተካከል ነበር። በ1963 ዩኔስኮ የላካቸው ባለሙያዎች አገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች እንድታቋቁም መከሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲ. ደብሊው. ኒኮል የሚባል ዌልስ የተወለደ ወጣት የመጀመሪያው የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ስሜን ከረመ፤ ኋላ ስለዚሁ ቆይታው መጽሐፍ ጽፏል። ፓርኩ በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስሞች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ፣ አንዱ ስሜን። እነ ጋላፓጎስና የሎውስቶን አብረው የተመዘገቡት ያን ጊዜ ነው። ይህ የሚያኮራ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ።

ብቻ አዋጁ ሲወጣ መሬቱ ባዶ አልነበረም። ግጭ የሚባለው መንደር 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ገብስ ያመርት፣ ከብትና በግ ያረባ ነበር። ነዋሪው አብዛኛው ሙስሊም ነው። በደርግ ዘመን ከገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮች በግዳጅ ተነሡ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ፓርኩ ራሱ ለዓመታት ያለ ጠባቂ ቀረ። በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ብሎ መዘገበው። ከምክንያቶቹ ውስጥ የዋልያው መመናመንና የሰው፣ የከብትና የእርሻው መስፋፋት ነበሩ። ከመዝገቡ ለመውጣት ሥራ ተጀመረ፤ የፓርኩ ወሰን እንደገና ተሰመረ፤ መንደሮችም መነሣት ነበረባቸው። በ2016 የግጭ 418 አባወራዎች፣ 2,500 ያህል ሰው፣ ካሳና የመኖሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ሁለቱ ዓመቶች ጎን ለጎን መሆናቸውን ልብ በሉ። በአንደኛው ዓመት የተነሣው ሰው ነው፤ በሁለተኛው የተጨበጨበው ለተራራው ነው።

ይህን ስል ግን ተራራው አልተጎዳም ማለቴ አይደለም። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ ከዚህ ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው። ተዳፋት ላይ የታረሰ አፈር በክረምት ጎርፍ ይሄዳል፤ ይህንን ከገበሬው የበለጠ የሚያውቅ የለም። የተነሡትም ሁሉ በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። ለልጁ ትምህርት ቤት የቀረበለት አባትና መሬቱን ያጣ ሽማግሌ እኩል አያዝኑም። የእኔ ጥያቄ ተራራው ይጠበቅ አይጠበቅ አይደለም፤ የጥበቃው ሒሳብ በማን ስም ተወራረደ ነው።

አሁን ፋብሪካው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። እንግዳው ደባርቅ ጽሕፈት ቤቱ ይመጣል፤ መግቢያ ይከፍላል፤ አስጎብኚ ይይዛል፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል። ምግብ አብሳይ አለ፣ በቅሎ ጫኝ አለ። በቅሎ በተራ ነው፤ ወረፋህ እስኪደርስ ትጠብቃለህ። ደህናው ወር ከመስከረም ማግሥት እስከ መጋቢት ነው፤ ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ይዘጋል። ዳባት ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ሆና እንግዳውን በመኪና መስኮት ታየዋለች፤ እሱም እሷን። ወረፋ ያለው ሰው ድርሻ አለው። ሳንቃ በርንና እሜት ጎጎን እንደ ጓሮው የሚያውቅ የግጭ ሰው ግን ከተማ ዳር ሲሰፍር ወረፋው አብሮት አይሰፍርም።

ፋብሪካ ምን ያህል እንደሚመገብህ የምታውቀው ሲቆም ነው። በ2020 ኮሮና መጣና እንግዳው ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ተነሣ። በ2021 ክረምት ውጊያው ሊማሊሞ ደረሰ፤ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ፤ ደባርቅና ዳባት በተፈናቃይ ተሞሉ። በቅሎ ጫኙ ቢያንስ ገጠር ዘመድ፣ ያም ካልሆነ ቁራሽ ማሳ ይኖረው ይሆናል። ማሳውን በካሳ የለወጠ ሰው ግን ገብስን የሚያገኘው ከገበያ ነው፤ ካሳ ያልቃል፣ ገበያው ግን ዋጋውን ይጨምራል። በፊት ድርቅና ውርጭ ይፈራ የነበረ ገበሬ አሁን የአውሮፕላን በረራ መሰረዝም ያስፈራዋል።

ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላንክ የግጭን ጉዳይ መጽሐፍ ጽፎበታል፤ መጽሐፉ በ2020 ወጣ። ከሚያነሣቸው ነገሮች አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣም። በፈረንሳይ ሴቬን የሚባል ተራራማ አገር አለ። ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እረኞቹና ገበሬዎቹ ለዘመናት ስለሠሩት ነው። እዚያ በግ አሰማሪው ቅርስ ነው፤ እዚህ በግ አሰማሪው የቅርሱ ሥጋት ነበር። የአፈር ልዩነት ነው ትሉ ይሆናል፣ የሕዝብ ብዛት ነው ትሉ ይሆናል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ግን ሙሉ መልስ አይሆንም።

ስሜን ደግሞ ስሙም ይሸጣል። ጎንደር የሚጠመቀው ቢራ ዳሸን ነው፤ ዋልያ የሚባልም ቢራ አለ፤ ብሔራዊ ቡድናችንም ዋልያዎቹ ነው። ከተራራው ላይ ሁሉም ይቆርሳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዋልያው ቁጥር እንደገና መቀነሱ እየተነገረ ነው። ሰውን ማንሣት ብቻውን ዋልያን እንደማያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ ለእኛ ለወጣቶቹ የሚቀረን ሥራ ቀላል ነው፤ መቁጠር። የሚቀጥለው ደህና ወቅት ሲመጣ ከበቅሎ ወረፋው፣ ከስካውቱ፣ ከአስጎብኚው መዝገብ ውስጥ ስንቱ የግጭ ልጅ እንደሆነ እንቁጠር። ወንጂ ላይ ሸንኮራ ለተተከለበት መሬት ባለቤቶች ይህን ጥያቄ በጊዜው ማን እንደጠየቀላቸው እንጃ። እኛ ግን ዛሬም ጎረቤት ነን፤ ሰዎቹ ከከተማው ዳር ነው ያሉት፤ ሄዶ ለመጠየቅ በቅሎ እንኳ አያስፈልግም።