እርም ማውጣት በአራዳ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

አራዳ በ1911 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ፣ ተሸካሚ፣ እንጨት ሻጭና የቀን ሠራተኛ ይተራመሳል፤ ከእቴጌ ሆቴል ወዲህና ወዲያ የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የዐረብ ሱቆች ተደርድረዋል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ከደረሰ ወዲህ ሰውም ዕቃም እንደ ድሮው ወራት ሳይፈጅበት ይገባል። በዓለም ዙሪያ ወደ 50 ሚሊዮን ሕዝብ እንደፈጀ የሚገመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በ1911 ኅዳር ወር ላይ አዲስ አበባን ሲመታ እንዲህ ባለ የተጨናነቀ መንደር ላይ ነው የወደቀው።

ሕዝቡ የኅዳር በሽታ አለው። በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነርሱም የታመመ ነበረ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። አዲስ አበባ በጊዜው 50,000 ያህል ነዋሪ እንደነበራት ሲገመት፣ የሞተው ሰው እንደየገማቹ ከ5,000 እስከ 10,000 ይደርሳል። ብዙ ቤት ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለወደቀ ውኃ የሚያቀብል እንኳ አልተገኘም። ቀባሪ ጠፍቶ ብዙ አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ገባ፤ ሳይቀበር የቀረውንም ጅብ በላው።

ስለዚህ ወረርሽኝ ሲጻፍ የሟቹ ቁጥር ጎልቶ ይነሣል፤ በተረፈው ሰው ላይ የደረሰው ግን ከዚያ የማይተናነስ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሐዘን የብቻ ጉዳይ አይደለም። መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ ሄዶ ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ይጠነቀቁለታል። ከዚያ ሙሾ ይወርዳል፣ ይለቀሳል፣ ሰልስት ይወጣል፣ በአርባው ደግሞ እንደየአቅሙ ተዝካር ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ሰውየው እርሙን አወጣ ይባላል፤ ካልተፈጸመ ሐዘኑ ከርሞም እንደ አዲስ ይነሣል። በ1911ዱ ኅዳር አልቃሹም አስለቃሹም አልጋ ላይ ስለነበረ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው እርሙን ሳያወጣ ቀረ። ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ የአዲስ አበባ ሰው ግቢውንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን የሚያቃጥልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ይያያዛል። ለዚያ ሁሉ ሟች መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ የሚታየው ይኸው ጭስ ነው ማለት ይቻላል።

ሐዘንን በጋራ ለመሸከም የቆመው የቀብር ማኅበር፣ እድር፣ የተመሠረተው በኅዳር በሽታ ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለቱ ግን የአንድ ዘመን ናቸው፤ የመነሻ ችግራቸውም አንድ ነው። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመድና ደብሩ ይቀብረዋል። አራዳ የመጣው ሰው ግን ዘመዱን አገር ቤት ትቶ ነው። አጥኚዎች የመጀመሪያዎቹን የአዲስ አበባ እድሮች በአብዛኛው ለሥራ ከመጡ ጉራጌዎች ጋር ያያይዟቸዋል፤ አገር ለአገር ልጅ የሚሰባሰበው የቀብር ማኅበር ውሎ አድሮ የሰፈር ሆነና ማንኛውም ጎረቤት፣ ብሔሩና ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ የሚገባበት ሆነ። ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ገዳም ሰፈር፣ ደጃች ውቤ፣ እያንዳንዱ የራሱን እድር፣ ብዙውም ከአንድ በላይ አቆመ።

የእድር አሠራር በቅርብ ሲታይ ብዙ የተጠና ነገር አለው። ሰው ያረፈ እንደሆነ ገና ሳይነጋ የእድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን እየነፋ በየቅያሱ ይዞራል፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት የት እንደሆነ ይናገራል። ወጣቶቹ ከእድሩ ዕቃ ቤት ድንኳኑን ከነብረቱ ተሸክመው ያመጣሉ። የፒያሳ ቅያስ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ ብዙ ጊዜ መንገዱን ዘግቶ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ይተከላል፤ መኪና ዞሮ ይሄዳል እንጂ ይነሣልኝ የሚል የለም። አግዳሚው፣ ብርጭቆው፣ ትሪውና ብረት ድስቱ እንዳይጠፋ የእድሩ ምልክት በቀለም ተቀብቶበታል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፤ በሐዘንተኛው ቤት ምድጃ እንዳይነድ ምግቡ ከጎረቤት እየተሠራ ይመጣል። ሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፤ የሚገባው ሁሉ አጠገቡ ትንሽ ቆይቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ማታ ማታ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ያድራሉ። ጨዋታው ክብረ ነክ የሚመስለው እንግዳ ይኖር ይሆናል፤ ቁም ነገሩ ግን ሐዘን የገባበት ቤት ሌሊቱን ሰው ሳይለየው ማደሩ ነው። ቀብር ላይ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል።

ይህ መቀጫ ከምንም በላይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሐዘንተኛን ማጽናናት ለደግ ሰው ፈቃድ ብቻ ቢተው ኖሮ ወዳጅ የሌለው ድኻና አመለኛው ጎረቤት ብቻቸውን ያለቅሱ ነበር። እድር አብሮነትን ግዴታ አደረገው። ወርኃዊ መዋጮው ለአስከሬን ሣጥንና ለድንኳን ይውላል፤ በእድርተኛው ላይ የተጣለው ትልቁ ዕዳ ግን በአካል መገኘት ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የአራዳን ገበያ አንሥቶ ወደ መርካቶ ወሰደው፤ አራዳ የፒያሳን ስም ያገኘውም በዚሁ ዘመን ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በሦስቱ የጭፍጨፋ ቀናት የአራዳ ቤቶችና የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀሩ በእሳት ሲለኮሱ እንደገና ቀባሪ ጠፋ። ቤተሰብ በተበተነበት በዚያ አምስት ዓመት የእድር አስፈላጊነት እንደጨመረ አጥኚዎች ይናገራሉ። ከነጻነት በኋላ እድር በመላ ከተማዋ ተስፋፋ፤ የመሥሪያ ቤት እድር፣ የሴቶች እድር፣ የቤተሰብ እድር እየተባለ ተባዛ።

ለቅሶ በመንግሥት የተከለከለበት ጊዜ ግን ከኮሮና በፊትም ታይቷል። በቀይ ሽብር ዓመታት፣ በ1969 እና 1970 ዓ.ም.፣ በየመንገዱ ለተጣለው ወጣት ቤተሰቡ እንዳያለቅስ፣ ጥቁር እንዳይለብስ ተከለከለ፤ አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የከፈለም አለ። ድንኳን ያልተተከለለት የዚያ ዘመን ሐዘን በብዙ የአራዳ ቤት አርጅቶ እንኳ አልወጣም። ወረርሽኝ ከሚያደርሰው የባሰው ይህ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ የሚከለክለው ሕመሙ ሲሆን ያኔ የከለከለው ገዳዩ ነበርና።

በ1980ዎቹና 1990ዎቹ ኤድስ መጣ። የእድር ጡሩምባ በወጣት ስም ደጋግሞ መነፋት ጀመረ፤ የብዙ እድሮች ካዝናም ተራቆተ። መጀመሪያ ላይ እድሮችም እንደ ሌላው ሰው በሽታውን በስሙ ከመጥራት ሸሹ። ቆይተው ግን ከመንግሥታዊ ካልሆኑ ድርጅቶች ጋር እየሠሩ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ፤ የሞተውን ከመቅበር አልፈው የታመመውን በቤቱ መጠየቅና ወላጅ ያጣውን ልጅ መርዳት ጀመሩ። ይህ በታሪካቸው ካዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ ነው።

የአእምሮ ሕክምና ሙያ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሕዝቡ የራቀ ነበር። በጣሊያን ጊዜ በ1930 ዓ.ም. ከአራዳ ዝቅ ብሎ መርካቶ አካባቢ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሠርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ሰውም እዚያ የሚሄደው ጠበሉም ዱዓውም ተሞክሮ ሲያበቃ፣ በመጨረሻ ነው። መካከለኛውን ጭንቀት፣ ሐዘንና ብቸኝነት የሚሸከመው እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የነፍስ አባቱና የጎረቤት ቡና ነበር።

ኮሮና የመታው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ሕሙም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቴአትር ቤቶችና ሲኒማ ቤቶችም በራቸውን ዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን፣ እጅ መጨባበጥን ከለከለ፣ ቀብር ላይ ከ50 ሰው በላይ እንዳይገኝ አደረገ። ታክሲው በግማሽ ሰው ሲጭን ታሪፉ እጥፍ ሆነ። የካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረው፣ የመጀመሪያው የኮሮና ሕክምና ማዕከል ተደረገ፤ የአእምሮ ሕሙማን የአልጋ ችግር በነበረባት አገር ይህ ውሳኔ ግድ ነበር፣ ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም።

ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ትንሣኤ ምእመኑ በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ቅዳሴ ያየበት ሆነ። ካህናት ጽና ይዘው በየጎዳናው እያጠኑ ዞሩ። ከአምስት ቀን በኋላ ረመዳን ሲገባ በፒያሳ በኒ ሰፈር ያለው ኑር መስጊድ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ያለ ጀማዓ ተራዊሕ አመሸ። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ጸሎት አወጀ፤ ማዕድ ማጋራት በሚል ዘመቻ እህልና ዘይት ለተቸገረው ተሰበሰበ። ደንቡ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር መከልከሉም፣ ለፒያሳ ጓሮ ተከራይ፣ ከብዙ ምክር የበለጠ ጭንቀት ያቀለለ እርምጃ ነበር።

ድንኳኑን ግን የተካው አልነበረም። መርዶ በስልክ መነገር ጀመረ። ሰልስት ቀረ፤ ለቅሶ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ። ፊቱን በጭንብል የሸፈነ ጎረቤት ከደጅ ሆኖ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሥቶ ሄደ። በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ ከተሞች ያለው የአራዳ ልጅ የወላጁን ቀብር በስልክ መስኮት ተከታተለ። በኮሮና የሞተውን በጣት የሚቆጠር ሰው ብቻ ቀበረው፤ ቤተሰቡም በሐዘኑ ላይ የጎረቤት ፍርሃትና መገለል ተጨመረበት።

ይህ ጉዳት የማይቀር እንዳልነበረ የምዕራብ አፍሪካ ልምድ ያሳያል። በ2006 እና 2007 ዓ.ም. በኢቦላ ጊዜ አስከሬን ከቤተሰብ ተነጥቆ ያለ ሥርዓት ሲቀበር ሰው ሟቹን መደበቅ ጀመረ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ባወጣው የአቀባበር መመሪያ ቤተሰብና የሃይማኖት አባት እንዲካተቱ አደረገ። በኢትዮጵያ እድሮች መልእክት እንዲያደርሱና እርዳታ እንዲያሰባስቡ ተጠርተዋል። ለቅሶው በምን መልክ ይቀጥል የሚለው ግን በቅድሚያ ከእነርሱ ጋር ሊመከርበት የሚገባ ጉዳይ ነበር፤ ጡሩምባ፣ ስም መዝገብ፣ ተራ የማውጣት ልማድ ያለው ሌላ ተቋም በከተማዋ የለምና።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ አበቃ፤ ድንኳኑም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በአገሪቱ በኮሮና መሞታቸው የተመዘገበው ከ7,500 ይበልጣል። ከ2016 ዓ.ም. የካቲት ወዲህ ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊው የፒያሳ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውሯል። ከዚያ ቀደም ከመሀል ከተማ የተነሡ ብዙ ሰዎች እንዳደረጉት የቀድሞ እድሩን ያልለቀቀ አለ፤ ወርኃዊ መዋጮውን ይከፍላል፣ ሰው ሲሞት ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ ለቅሶ ይደርሳል። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ዕቅድ የሚያወጣ አካል በመጀመሪያ ሊያነጋግር የሚገባው የእነዚህን እድሮች ዳኞችና ጸሐፊዎች ነው።